የእናትሽ እግርና የጓሯችን ቆስጣ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን
ከኩሽናው ጠረጴዛ

ውድ ባለቤቴ፣

ናፍቆቱን ወደ መጨረሻ ላቆየውና በደህናው ልጀምር። እናትሽ ደህና ናቸው። "ይህንንማ በየሳምንቱ በስልክ ትነግረኝ የለም እንዴ?" እንደምትይ አውቃለሁ። ያ የስልክ ደህና ነው። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጠው፣ በክርናቸው ጎኔን እየጎሸሙ፣ "ደህና ናት በላት! ወፍራለች በላት!" እያሉ ያስባሉኝ ደህና። ይኼኛው ግን ከዶክተር አፍ የወጣ፣ እኔም በዓይኔ ያየሁት ደህና ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቢ መጨረሻው ማማሩን አስቀድመሽ እወቂ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በስልክ ያልነገርኩሽ የእናትሽን ጆሮ ፈርቼ ነው። ያ ረጅሙ የሥራ ባልደረባሽ ለእረፍት መጥቶ ሰኞ እንደሚመለስ ስሰማ ግን፣ በሱ እጅ እልክልሻለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ያውቃሉ። "አሁን ጻፍላት፤ እንዳታስረዝመው ብቻ" ብለው ፈቅደውልኛል። ማስረዘሜ አይቀርም።

እግራቸው መቁሰሉን ታውቂያለሽ፤ የማታውቂው ምን ያህል እንደነበረ ነው። አንቺ ለቅየሳ ሥራሽ ከሄድሽ በኋላ "ክሊኒኩ ለናንተ ቤት ይቀርባል" ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እኔም ጫማ ልጧቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና ወለሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እሳቸው ቁጭ ብለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። "እማማ፣ ምን ሆነው ነው?" ስላቸው "ምን ሆንኩ?" አሉኝ መልሰው። ጫማቸውን ሳወልቅላቸው ባቄላ የምታክል ጠጠር ወደቀች። ቀኑን ሙሉ ሲረግጧት ውለው አልተሰማቸውም። ልቤ ስንጥቅ ያለው ያኔ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ግን አትቀልድም። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት እንደወሰደው፣ ቁስሉ ችላ ከተባለ እንደሚያመረቅዝ ነገረችን። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ፣ ቁስሉን ነርሷ ጋ እየሄዱ እንዲያሳጥቡ፣ እግሩን እንዳይረግጡት አዘዘች። "ደግሞ ገበታዎን ይቀይሩ" አለቻቸው። "ጣፋጩን ይተዉት፣ ዳቦውን ይቀንሱ፣ የሳህንዎን ግማሽ አትክልት ያድርጉት።"

"አትክልት ስትዪ… ቅጠል?" አሉ እናትሽ።

"ቅጠልም፣ ፎሶሊያም፣ ጎመንም።"

"የኔ ልጅ፣ ቅጠል የጥንቸል ነው።"

"ጥንቸል በስኳር ታማ እኔ ጋ መጥታ አታውቅም" አለች ዶክተሯ።

እናትሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ቤት ገብተን ግን መልሳቸውን አገኙት። ከገበያ ጎመን ገዝቼ ቀቀልኩላቸው። የኔን አበሳሰል መቼም ታውቂዋለሽ። በሹካ ጫፍ አንስተው ወደ ብርሃን አቅንተው አዩትና "ይሄ ጎመን ነው ወይስ የታጠበ ካልሲ?" አሉኝ። ገፉት። በማግስቱም ገፉት። እኔ ስወጣ ዳቦ በማር እንደሚበሉ አውቃለሁ፤ አልጋቸውን ሳነጥፍ የከረሜላ ወረቀት ይዘንባል። ልቆጣ እልና ደግሞ አማቴ ናቸው፤ በምን አፌ? እኔና እሳቸው መቼም ቢሆን የሚጣጣም ጠባይ የለንም። አንቺ መሀላችን ስትሆኚ በሁለት ቧንቧ መሀል እንደሚገባ ላስቲክ ጋዝኬት ነሽ፤ አንቺ ከወጣሽ ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው። ቁስሉ ሳይጠብ፣ ስኳሩ ሳይወርድ፣ እኛም ሳንነጋገር ሳምንታት አለፉ።

አንድ እሁድ ጠዋት በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ተቀምጠው ዕቃዎቼን ሲያዩ ቆዩ። ከየቤቱ ነቅዬ ያመጣኋቸውን አሮጌ ቧንቧዎች፣ የተሰነጠቁ መታጠቢያ ገንዳዎች፣ የመጸዳጃ ታንከሮች።

"ይሄ ጓሮ ነው ወይስ የሽንት ቤት መቃብር?" አሉኝ።

"እማማ፣ ለሥራ ይፈለጋሉ።"

"የተሰነጠቀ ገንዳ ለምን ሥራ ነው የሚፈለገው? አፈር ቢሞሉት እንኳ ሰላጣ ያወጣ ነበር!"

እሳቸው የተናገሩት ለስድብ ነው። እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ወሰድኩት። ሌላ የምይዘው ዘዴ አልነበረኝማ። ሸሚዜን አውልቄ ያን ትልቁን ገንዳ ፀሐይ ወዳለበት ጎትቼ አፈር መሙላት ጀመርኩ። በመስኮቱ ያዩኛል። ውሃ ላፈስበት ስል ግን አላስቻላቸውም።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! ውሃው መውጫ ከሌለው ሥሩ ይበሰብሳል!"

"ገንዳ እኮ ቀዳዳ አለው፣ እማማ። ሥራዬ ቧንቧ ነው።"

"መድፈኛውን አውጥተኸዋል?"

አላወጣሁትም ነበር። አፈሩን በሙሉ መልሼ ዛቅሁት። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ከመስኮቱ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ዝቄ ሳበቃ እንደገና ሞልቼ እንደገና ብዝቀው አይቆጨኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወንበራቸው ወጣ። ከጣሪያው ክዳን ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የታመመውን እግር በተገለበጠ ባልዲ ላይ ሰቅለው፣ ሸምበቆ በእጃቸው ይዘው ያዝዙኛል። "እዚያ ቆስጣ። አይ፣ ወደ ግራ። ካሮቱን አታዛውረው፣ ካሮት መዛወር አይወድም። ቲማቲሙን ከግድግዳው አስጠጋው።" እንዴት ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከቤታቸው ኋላ አትክልት ይተክሉ እንደነበር፣ አባታቸው ሲሞቱ መሬቱም እንደተሸጠ ነገሩኝ። አንቺ ታውቂ ነበር? እኔ በትዳራችን ዘመን ሁሉ አልሰማሁም። "ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ለውሃው የራሴን ጥበብ አመጣሁ። አሮጌዎቹን ቀጫጭን ቧንቧዎች በየመደቡ ዘርግቼ በመሰርሰሪያ ጥቃቅን ቀዳዳ በሳሁባቸው። አንድ መዝጊያ ሲከፈት ጓሮው በሙሉ ይጠጣል። ሥራዬን ላሳያቸው ስከፍተው ለካ ኮርተውብኛል፤ ግን በሳቸው ቋንቋ ነው፦ "ዕድሜ ልኩን ቧንቧ እንዳያፈስ ሲደክም የኖረ ሰው፣ ደግሞ ያፍስስ ብሎ ይበሳል!"

ቆስጣው ቀድሞ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ስቆርጥ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ወደ ኩሽና ስገባ ተከተሉኝ፤ ቧንቧዬን እንደ ምርኩዝ ይዘው በአንድ እግራቸው እየዘለሉ። "ስጠኝ። ያንን ካልሲ ልትሠራው ነው" አሉና ቢላውን ቀሙኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርቱን ከተፉ፤ ጠብ በምትል ዘይት አሙቀው ቆስጣውን ጣሉበትና "እሳቱን አሳየውና አንሳው። ይኼው ነው። ጎመን በድሎሃል እንዴ እስኪሞት የምትቀቅለው?" አሉኝ። ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ።

"እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"የራሴ እጅ ሥራ ነው" አሉ። ሳህናቸውን ጨረሱና ወደ እኔ ሳህን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችን ከጓሮ ሆነ። ሰላጣው ከገንዳው፣ ፎሶሊያው ከአጥሩ ሥር፣ ካሮቱ ከነአፈሩ። ከረሜላው ወዲያው ጠፋ ብልሽ እዋሻለሁ። ቀስ እያለ ነው የቀነሰው፤ አንድ ቀን ግን አልጋ ሳነጥፍ ምንም አልዘነበም። ስኳሩ ወረደ፤ ነርሷ ቁስሉን ስታጥብ "ጠቧል፣ በርቱ" ማለት ጀመረች። እኔም ጮቤ ረገጥኩ። ቸኩዬ ነበር።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል አይደል? እኛ ጋ ድመት በቀደደው ዶሮ ገባ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ዶሮዎች በአጥሩ ሽንቁር ሾልከው ሰላጣው ላይ ወጡ። እኔ ቱቦ ፈንድቶባቸው የጠሩኝ ሰዎች ጋ ነኝ። እናትሽ በመስኮት ሲያዩ፣ ስንት ወር የደከምንበት ገንዳ ውስጥ ዶሮ ተመቻችታ በእግሯ ትጭራለች። የራሳቸውን እግር ረስተው፣ ባዶ እግራቸውን፣ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። የአጥሩ ሽቦ ቁራጭ መሬት ላይ ነበረና ያንኑ ቁስል ወጋው።

አልነገሩኝም። ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው አስረው፣ "ሰላጣው ተርፏል" ብቻ አሉኝ። ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ምሳቸውን ትተው ሲተኙ ነው። ግንባራቸውን ብነካ እሳት። ፋሻውን ስፈታው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቶ አብጧል፤ ሽታውን አልነግርሽም። አዝዬ ታክሲ ውስጥ አስገባኋቸው። መንገዱን ሁሉ "ምን ያስቸኩልሃል፤ ሹፌሩን አታጣድፈው" ይላሉ፤ ጥርሳቸው ግን እርስ በርሱ ይንገጫገጫል።

ዶክተሯ እግሩን አየችና ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። በደም ሥር መድኃኒት እንደምትጀምር፣ ጥቂት ቀን እንደምትጠብቅ፣ መመረዙ ወደ አጥንት ዘልቆ ከሆነ ግን ጣቶቹን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ መቁረጥ ግድ እንደሚሆን ነገረችኝ። ስገባ እናትሽ ፊቴን አነበቡት።

"ሊቆርጡት ነው፣ አይደል?"

"ገና አልታወቀም። መድኃኒቱ ከሠራ አይቆርጡም።"

"ልጄ እንዳትሰማ።"

"እማማ፣ እናቷ እኮ ነዎት።"

"ስለሆንኩ ነዋ! ይህን ሥራ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናች ረሳኸው? ብትሰማ መሣሪያዋን ሜዳ ላይ ጥላ ነው የምትመጣው። መጥታስ? እግሬን ልትይዝልኝ?"

አንቺን አሰብኩ። እናትሽ እዚህ ተኝተው፣ አንቺ እዚያ ተራራ ላይ ሳታውቂ መለኪያሽን ስትተክዪ። ሁለቱም ከበደኝ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፦ "አንድ ነገር ልንገርዎት። ዶክተሯ 'እንቆርጣለን' ያለች ሰዓት ሌላ ነገር ከመደረጉ በፊት እደውልላታለሁ። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ቢረግሙኝም ይርገሙኝ።"

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። "ይሁን" አሉ። "ሰው ነህ ለካ።" ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ቲማቲሙስ ቀላ?" ብለው ጠየቁኝ።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው ልነግርሽ አልችልም። ጠዋት ተነስቼ ጓሮውን አጠጣለሁ። ማንም ሳይሰድበኝ ውሃ ማጠጣት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወንበራቸው ባዶውን ነው፤ ባልዲው ተገልብጦ እንዳለ ነው። ቆስጣና ፎሶሊያ እሳት አሳይቼ፣ እንዳስተማሩኝ፣ በዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። የሆስፒታሉን ምግብ አይነኩም፤ የኔን ይበላሉ፤ "ጨው አነሰው" እያሉ። ያ ጨው ማነሱን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ የሚያማርር ሰው አለ ማለት ነው። አጠገባቸው የተኙት ሴትዮም "ለኔም ጨምርልኝ" ማለት ጀመሩ።

ልብስ ሰፊዋም መጣች። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። "በኔ ዶሮ ምክንያት እግርዎ…" ብላ ልትጨርስ አልቻለችም። እናትሽ እጇን ያዟት። "አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ ከዶሮ ጋር የተደባደብኩት። ይልቅ አጥሩን አስጠግኚው፤ ይህ ሰውዬ ከቧንቧ ሌላ የሚያውቀው የለም።" ሴትዮዋ በዚያው ቀን አናጢ አምጥታ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አሳድሳዋለች።

አንድ ጠዋት ስደርስ ዶክተሯ ከክፍሉ ስትወጣ ተገጣጠምን። እጄ ውስጥ የመጀመሪያው የቀላ ቲማቲም አለ። እየሮጥኩ ስለነበር ትንፋሽ አጥሮኛል። ገና ሳልጠይቃት፣ "እብጠቱ ወርዷል፤ የራጅ ፎቶውም አጥንቱ ንጹሕ መሆኑን ያሳያል። አንቆርጥም" አለች።

አንቆርጥም። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ገብቼ እናትሽን ሳያቸው እሳቸውም ሰምተዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ቲማቲሙን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሲያለቅሱ መታየት አይወዱማ። እኔም ኮሪደሩ ላይ የምገባበት ጠፋኝ። እጄ ሥራ ፈለገ። ከመታጠቢያው በኩል ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ቧንቧ ሰማሁ። መፍቻዬ ከቦርሳዬ ተለይታ አታውቅም። ተንበርክኬ ጠገንኩት። የሚቀጥለውንም ጠገንኩት። የሴቶቹን ክፍል ጨርሼ ወደ ወንዶቹ ስሻገር የጽዳት ሠራተኛዋ "ማን ላከህ?" አለችኝ። "አንቆርጥም አሉን" አልኳት። ትንሽ አየችኝና "እንግዲያማ የታችኛው ፎቅም ያፈሳል" አለች። እሱንም ሠራሁት። እንባዬ ከቧንቧው ውሃ ጋር ስለተቀላቀለ ማንም አልለየውም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እናትሽ ቲማቲሙን እንደ ፖም ገምጠው፣ ጭማቂው አገጫቸው ላይ እየወረደ፣ ግማሹን ይዘውልኝ ጠበቁኝ። "ብላ፣ ልጄ" አሉኝ። እኔም በላሁ። እንደዚያ ያለ ቲማቲም በልቼ አላውቅም፤ አንቺም አልበላሽም።

ከዚያ በኋላ ያለው መልካም መልካሙ ነው። ወደ ቤት ገባን፤ ቁስሉ ከሥሩ እየሞላ መጣ። እናትሽም ይህን ጊዜ በእግራቸው አልቀለዱም፤ ሽንት ቤት እንኳ በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። ትናንት ነርሷ የመጨረሻውን ፋሻ ፈታች። እንደ ሕፃን ቆዳ ሮዝ ሆኖ ገጥሟል። ዶክተሯ እግራቸውን በየቀኑ በመስታወት እንዲያዩ፣ ባዶ እግራቸውን ፈጽሞ እንዳይሄዱ፣ የታዘዘላቸውን ሰፊ ጫማ እንዲያደርጉ፣ መድኃኒቱንና ገበታውን እንዳይተዉ አስጠንቅቃ፣ "ከእንግዲህ ወደ ቤትዎ መመለስ ይችላሉ" አለቻቸው። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ እስከ ትናንት አላውቀውም ነበር። 

ስለ ሥራ ውልሽ መራዘም ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን ነግሬያቸዋለሁ። "እንደፈለገች" አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቲማቲሙን እያሰሩ። እኔም የምለው እንደፈለግሽ ነው። ሥራሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ካሮቱ ግን በጣም ጣፋጭ ሆኗል፤ ደርቆ ወይም ተቀቅሎ የሚላክ ነገር አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ላወርድላቸው ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ። አልነበሩም። ጓሮ ወጥቼ ሳይ አዲሱን ጫማቸውን አጥልቀው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ በሸምበቆው መሬት ላይ ክብ ይሥላሉ። አጠገባቸው በቆርቆሮ የተተከለች የሎሚ ችግኝ አለች። ልብስ ሰፊዋ ናት የሰጠቻቸው።

"ቆፍር" አሉኝ። "በደንብ ጥልቅ አድርገው።"

አካፋዬን አመጣሁና ቆፈርኩ። እየቆፈርኩ "እማማ፣ ሎሚ በስንት ጊዜ ነው የሚያፈራው?" አልኳቸው።

"ከተስማማው በአራት ዓመት። ካልተስማማው በአምስት።"

ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ጉድጓዱን ይበልጥ አጠለቅሁት። ሻንጣውን አላወረድኩትም።

የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይለስልስልሽ። የምትለኪው መንገድ ሁሉ ወደ መልካም ያድርስሽ። እናትሽ "ጥርሷን ትንከባከብ፣ ጣፋጭ አታብዛ" ብለዋል፤ ከማን አፍ እንደወጣ ልብ በይ። ናፍቆቱን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ ብዬሽ ነበር፤ አሁን ግን ወረቀቱ አለቀ።

ያንቺው፣
ባለ ቧንቧው